የአባቴ ዲኤክስ ወይስ የባለቤቴ ቪትዝ?

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሥራዬ አራት ኪሎ ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው የማልፈው። ደርሶ መልስ በቀን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። መኪናዬ የ84 ሞዴል ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ያወረሱኝ አባቴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚይዟት።

ባለቤቴ ትሸጥና ቶዮታ ቪትዝ እንግዛ ይላል። ዲኤክስ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው፣ ቪትዝ 18 ትሄዳለች እያለ ያሰላል። በሽያጩ ላይ 900 ሺህ ብር መጨመር ይኖርብናል። ወንድሜ ደግሞ ‹አብዳችኋል እንዴ? የድሮ መኪና ብረት ነው፣ ጉልበት አለው። የዛሬዎቹ ቆርቆሮ ናቸው። የእንጦጦን ዳገት በሺህ ሲሲ?› ብሎ ይስቃል። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም ይንቃቸዋል። ለእሱ ከኤሌክትሪክ ውጪ መኪና የለም። እሁድ ምሳ ላይ በተገናኘን ቁጥር ወጡ እስኪበርድ ክርክር ነው።

እስቲ ይገላግሉን። የትኛዋ ትፈጥናለች? የትኛዋ ጉልበት አላት? የትኛዋ ነዳጅ ትቆጥባለች? ልሽጣት ወይስ ልያዛት?

ክርክር የሰለቻት፣ ከሱሉልታ»

መልሱ

እህቴ፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ለመኪና ክርክር እኔን ዳኛ ማድረግሽ ግን አደጋ አለው። ወሬው አያልቅልኝም። የመጀመሪያዋ መኪናዬ 1200 ቮልስ ነበረች። ከእሷ ጋር እንጦጦ ዳገት ላይ ያሳለፍኩት ጊዜ ቢደመር አንድ ዲግሪ ያስጭናል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ገረመኝ። ሦስቱም ወንዶች ስለ መኪና ያወራሉ፣ ስለ ሱሉልታ ግን አንዳቸውም አላነሱም። የጥያቄሽ መልስ ግማሹ ያለው እዚያ ዳገት ላይ ነው።

ፍጥነቱን ቶሎ እንጨርሰው። ቮልሴ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ነበር። ፋብሪካው ቀኑን ሙሉ ሳትጎዳ ልትነዳ የምትችልበት ፍጥነትም ያው 115 ነው ይል ነበር። ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነቱን ነው። ሞተሯ ራሷን እስክትጎዳ ድረስ የምትሮጥበት አቅም አልነበራትም። ከቆመችበት ተነስታ መቶ ለመግባት ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ፣ ባለ አንድ ሊትር ሞተሯ፣ 155 ትደርሳለች። መቶ ለመግባት 14 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። ዲኤክስ በሁለቱ መሐል ናት። የእህትሽ ልጅ ከሚመኛቸው ኤሌክትሪኮች ትንሿን፣ ቢዋይዲ ሲጋልን ብንወስድ ደግሞ 130 ላይ ታቆማለች። አዲሷ ከሃያ አምስት ዓመቷ ቪትዝ አነሰች ማለት ነው። ከቆመችበት ተነስታ 50 ለመድረስ ግን አምስት ሰከንድ አይፈጅባትም። ታክሲ ቀድመሽ መስመር መግባት ስትፈልጊ የሚጠቅምሽ ያ ነው።

ለመሆኑ ጠዋት አዲሱ ገበያ ሰልፍ ውስጥ ተቀምጠሽ 155 ምን ያደርግልሻል? ከቱሉ ዲምቱ ተነስተሽ በፈጣኑ መንገድ አዳማ የምትመላለሺ ብትሆኚ ሌላ ወሬ ነበር። እዚያ ዋናው የነዳጅ ጠላት ነፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። አዳዲሶቹ ነፋሱን ሸርተት እያሉ ያልፉታል፣ ማዕዘን የበዛባት ዲኤክስ በደረቷ ትገጥመዋለች። አንቺ መንገድ ላይ ያለው ግን ዳገት ነው። ስለዚህ ፍጥነትን እንተወው።

ወደ ጉልበት እንሂድ። ወንድምሽ «በሺህ ሲሲ» ብሎ የሚስቀው ሲሲንና ጉልበትን አንድ ስላደረጋቸው ነው። እሱ ብቻ አይደለም፣ ግማሽ ደላላ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ሲሲ ማለት ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ቦታ ነው። እንስራ ነው በይው። ስንት ውኃ እንደሚይዝ ይነግርሻል፣ በቀን ስንቴ ምንጭ እንደሚመላለስ ግን አይነግርሽም። የዲኤክስሽ ሞተር፣ ፎር ኬ የሚባለው፣ 1290 ሲሲ ሆኖ 58 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። ቪትዝ 997 ሲሲ ሆና ወደ 70 ትጠጋለች። ራይድ የሚሠሩባት ሱዙኪ ዲዛየር 1197 ሲሲ ሆና 83 ገደማ አላት። እንስራው አንሷል፣ ጉልበቱ ጨምሯል። ምስጢሩ አተነፋፈስ ነው። የዲኤክስ ሞተር በየሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ ነው ያለው፣ የአዲሶቹ አራት። ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንም ሰዓት እንደ አነዳድሽ ያስተካክላሉ። ነዳጁም በልክ ይረጫል እንጂ እንደ ድሮው በነፋስ እየተሳበ አይገባም።

ወንድምሽን ሙሉ በሙሉ አላሳፍረውም ግን። የፈረስ ጉልበት የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ አምስት ስድስት ሺህ ጊዜ እየዞረ ሲጮህ ነው። ሁለት ልጅና የገበያ ዘንቢል ጭነሽ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጪ የሚያስፈልግሽ ቶርክ ነው፣ ሞተሩ ጎማውን የሚጠመዝዝበት ኃይል። በእሱ ዲኤክስና ባለ አንድ ሊትሯ ቪትዝ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ቶርክ በሚለካበት በኒውተን ሜትር ሁለቱም 90 ገደማ ናቸው። ዲኤክስ እንዲያውም ይኼን ኃይሏን ትንሽ ቀደም ብላ፣ ብዙም ሳትጮህ ነው የምትሰጠው። ወንድምሽ «ትጎትታለች» ሲል እግሩ የነገረውን ነው የሚናገረው። እግሩ አልዋሸውም።

በነገራችን ላይ ቪትዟ አውቶማቲክ ከሆነች፣ የዚያን ጊዜዎቹ አራት ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው። ዳገት ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ መሐል ትወላውላለች። ዱላውን 2 ላይ አድርጎ መውጣት ነው። ይኼንን የማያውቅ ሰው ቪትዝ ዳገት አትወጣም ብሎ ስሟን ያጠፋል።

አሁን ወደ ሱሉልታ። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች በሙሉ ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ እንደሆነ ታስበው የተጻፉ ናቸው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። መሐላቸው የተጋደመው እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚያንገላታ ታውቂያለሽ። አየሩ ቀጭን ነው፣ ውኃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ሞተርም እንዲሁ በቀጭን አየር ይቸገራል። ነዳጅ ብቻውን አይነድም፣ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። እኛ ከፍታ ላይ ቱርቦ፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌላት መኪና ከጉልበቷ ከአምስት አንዱን እስከ ሩብ ድረስ ታጣለች።

ስለዚህ ዲኤክስሽ አባትሽ የገዟት ቀን እንኳን እዚህ ከ45 የፈረስ ጉልበት ብዙም አልዘለለችም። ቪትዝ እዚህ 54 አካባቢ ናት፣ ዲዛየር 64 አካባቢ። ወንድምሽ የሚያሞግሰው ጉልበት የተጻፈው ለቶኪዮ ነው። ካነሳናቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው ከዚህ የሚያመልጠው። አየር አይተነፍስም፣ ሱሉልታም ጅቡቲም ለእሱ አንድ ነው።

ጉልበት መቀነሱ ለሁሉም ነው። በነዳጅ በኩል ግን አሮጌዋና አዲሷ የሚለያዩት እዚሁ ላይ ነው። ዲኤክስ ነዳጁን ከአየር ጋር የምትደባልቀው በካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር ማለት ሳትቀምስ ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። በርበሬውን ሁሌ በአንድ ማንኪያ ነው የምትለካው። ሽሮው ሙሉ ድስት ሲሆን ይጣፍጣል። ሽሮው ሲቀንስ ማንኪያው ያው ነው፣ ወጡ ያቃጥላል። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተር ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ፋብሪካው ለቆላ የለካላት ካርቡሬተር ሳትነካ እዚህ ከመጣች፣ ከሚገባው ከአሥር በመቶ በላይ ነዳጅ አብዝታ ነው የምታቀብለው። ትርፉ ሳይነድ በማርሚታው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አዲሶቹ ቀማሽ አላቸው። የጭስ መውጫው ላይ የተተከለችው የኦክስጅን ሴንሰር በየቅጽበቱ ትቀምሳለች፣ «በርበሬ በዛ» ትላለች፣ ኮምፒውተሩ ይቀንሳል። ሱሉልታ ወጣሽ አዳማ ወረድሽ፣ መኪናዋ ራሷ ታውቀዋለች።

ይኼን የማውቀው በራሴ ኪስ ነው። ቮልሴ በወረቀቷ ለመቶ ኪሎ ሜትር 7 ተኩል ሊትር ነበር የምትጠጣው፣ በእኛ አነጋገር በሊትር 13 ማለት ነው። እኔ ጋ 9 ትሄድ ነበር። ሞተሯ ደክሟል ተባልኩ፣ ኦቨርሆል አድርጋት፣ ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይታደስ ተባልኩ። ገንዘቡ ስላልነበረኝ ዳንኩ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ካርቡሬተሯን ፈትተው፣ ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ አውጥተው ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ ቀየሯት። ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች አሳዩኝ፣ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። የሚቀጣጠልበትንም ሰዓት ትንሽ ወደፊት አመጡት፣ ምክንያቱም ቀጭን አየር ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ከዚያ በኋላ 11 እና 12 ሄደችልኝ። ዳገቱንም በሦስተኛ የምጀምርበት ጊዜ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አሮጌ መኪና ነዳጅ ትበላለች» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ካንዴላዋን አሳየኝ እላለሁ።

የአንቺም 9 ኪሎ ሜትር የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ግን መጀመሪያ በትክክል 9 መሆኑን እናውቅ። ባለቤትሽ በምን ለካው? በመርፌው ከሆነ የዲኤክስ የነዳጅ መርፌ ከዘፋኝ ትከሻ አይሻልም። ፉል አድርጊያት። ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ጻፊ። ሳምንቱን ንጂ። እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ ተመልሰሽ እንደገና ፉል አድርጊ። የሄድሽውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍዪ። ይኼን ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ አማካዩን ያዢ፣ አንድ ጊዜ ብቻውን ያታልላል። ቆጣሪዋ ሞቶ ከሆነ መንገዱን በስልክሽ ካርታ ለኪ።

ከዚያ ካርቡሬተር የሚገባው መካኒክ ፈልጊ። ወጣቶቹ ኮምፒውተር ሰክተው ማንበብ ይችላሉ፣ ካርቡሬተር ላይ ግን እጃቸው ያልተፈታ ብዙ ናቸው። ቱን አፕ ያድርግልሽ፦ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ የአየር ፊልትሮ። በእናንተ በኩል በበጋ አቧራው ፊልትሮ ይደፍናል። የጎማ ነፋስም አስለኪ። አንዱን ጎማ በክሪክ አስነስተሽ በእጅ አሽከርክሪው፣ ፍሬኑ ይዞት ከሆነ ዳገት የምትወጪው ፍሬን ረግጠሽ ነው ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነም እንደዚያው፣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። በመጨረሻ ኮምፕሬሽን፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ ይለካልሽ። ጥቁር ጭስ የካርቡሬተር ነገር ነው፣ በቀላሉ ይድናል። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየነደደ ነው። ያኔ ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል፣ ወጪውም ሌላ ነው፣ ምክሬም ይለወጣል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ስሌት። በሊትር 18 የሚለው ከየት እንዳመጣው እገምታለሁ። የጃፓን ወረቀት ነው። ጃፓኖች ያኔ መኪና የሚፈትኑት ቤት ውስጥ በሚሽከረከር ብረት ላይ አቁመው ነው። ዳገት የለም። ከፍተኛው ፍጥነት 70 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሩም ቀድሞ የሞቀ ነው። ጠዋት ውርጭ ላይ ተነስታ እንጦጦን የምትወጣ ቪትዝ ያንን ቁጥር አታየውም። እኔ የማውቃቸው ቪትዞች በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ 13፣ 14 ይሄዳሉ። 14 እንያዝለት።

በወር 22 ቀን ብትሠሪ 1,100 ኪሎ ሜትር ነው። ዲኤክስ በ9 ሂሳብ 122 ሊትር ትፈልጋለች። ተስተካክላ 11 ብትገባ 100 ሊትር። ቪትዝ በ14 ወደ 79 ሊትር። ለስሌት እንዲመች ሊትሩን 120 ብር እንበል። ዲኤክስን ብታስተካክዪ በወር 22 ሊትር፣ 2,640 ብር ይተርፍሻል። ለዚህ የምታወጪው የጋራዥ ሂሳብ ነው። ከተስተካከለችው ዲኤክስ ወደ ቪትዝ ብትሄጂ የሚጨመርልሽ 21 ሊትር፣ 2,520 ብር ነው። ለዚህ ግን 900 ሺህ ብር ታወጫለሽ። 900 ሺውን ለ2,520 አካፍዪው። 357 ወር ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ሊሆን ሦስት ወር ይቀረዋል። ልጆችሽ ያን ጊዜ ቪትዟን ራሳቸው ለልጆቻቸው ሊያወርሱ ነው። ዲኤክስ ምንም ሳትስተካከል በ9 ትቀጥል ብንል እንኳን ገንዘቡ የሚመለሰው ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ ባለቤትሽን በለሆሳስ «ነዳጅ ለመቆጠብ ከሆነ አያዋጣም» በዪው። የመለዋወጫ ወጪ አለ፣ ጋራዥ የሚበላው ቀን አለ፣ አውቃለሁ። ግን ቪትዝም ያረጀች ናት። ሌላ ሰው ነድቷት የመጣች ናት። አዲስ መኪና ልገዛ ነው ሲባል ሃያ ዓመት እንደሞላት ሰው ይረሳዋል። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እዚሁ ያሉት ናቸው እጅ በእጅ የሚዞሩት።

ክብደትም አትርሺ። አዲስ ሁሉ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቮልስዋገን ጎልፍ 800 ኪሎ አትሞላም ነበር፣ የዛሬዋ ከ1,200 በላይ ናት። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅሽም። ዳገት ግን በሚዛን ነው የሚያስከፍለው። ከነሰዉ 1,100 ኪሎ የምትመዝን መኪና 300 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ፣ ለመነሳቷ ብቻ 0.4 ሊትር ገደማ ቤንዚን ታቃጥላለች። ሁለት ቶን የሚመዝነው ግዙፍ መኪና ለዚያው ዳገት እጥፍ ሊጠጋ ይከፍላል። ዲኤክስና ቪትዝ ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ በዚህ ተባርከሻል።

ቁልቁለቱን ደግሞ እንዴት ነው የምትወርጂው? ከእንጦጦ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ የሚለቅ ሰው ብዙ ነው። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ። በዲኤክስ ጥቂት ጠብታ ይተርፍ ይሆናል፣ ፍሬኑ ግን ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ በፈለግሽው ሰዓት አይዝም። በቪትዝና በዲዛየር ከሆነ ጭራሽ ኪሳራ ነው። እነሱ ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርሽን ከቤንዚን ላይ ስታነሺ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጉታል። ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። በፍሪ ስትለቂ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። በማርሽ ውረጂ፣ በሁለቱም።

አሁን የማልወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። የወንድምሽ «ብረት ነው» ነገር። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የመኪና ደህንነት የሚፈትነው የኢንሹራንሶች ተቋም አንድ ሙከራ አደረገ። የ1959 ቼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ቼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጫቸው። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሄዱ። ቤል ኤር ያ አባቶቻችን የሚያደንቁት ብረት ሁሉ ነበራት። ተጨማደደች፣ መሪው ወደ ነጂው አሻንጉሊት ገባ። እውነተኛ ሰው ቢሆን አይተርፍም ነበር። የማሊቡው አሻንጉሊት እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ነበር የደረሰበት። የአዲሱ መኪና አፍንጫ እንዲጨማደድ ተብሎ ነው የሚሠራው። ቆርቆሮው ሲጎዳ ሰውየው ይተርፋል። ዲኤክስ የቤል ኤርን ያህል ያረጀች አይደለችም፣ ግን ኤርባግ የላትም። ፍሬን ስትረግጪ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የላትም። በክረምት ጭቃና ጉም ያለበት ቁልቁለት ላይ ሁለት ልጅ ይዘሽ ነው የምትወርጂው።

ስለዚህ እህቴ፣ ዲኤክስን የምትሸጪ ከሆነ በነዳጅ ምክንያት አትሽጫት። ለልጆቹ ብለሽ ከሆነ ግን ምክንያትሽን እቀበላለሁ፣ ወንድምሽም አፉን ይዘጋል። ያኔም ቢሆን ቪትዝ ስለተባለች ብቻ አትግዢ። ኤርባጓ ከነበረበት ተፈትቶ ተሽጦ መሪው ክዳን ብቻ የቀረባት አይቻለሁ። ቁልፉን ስትከፍቺ የኤርባጉና የኤቢኤሱ መብራት በርተው መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ካልበሩ አምፖሉ የተነቀለበት ምክንያት አለ።

የእህትሽን ልጅ ረሳሁት። ልጁ ሞኝ አይደለም። ሲጋል 75 ገደማ የፈረስ ጉልበት ናት፣ በወረቀት ከዲዛየር ታንሳለች። ግን ቶርኳ 135 ኒውተን ሜትር ነው፣ ሳትጮህ፣ ከመጀመሪያዋ ንቅናቄ ጀምሮ። እንጦጦ ላይ ሁላችንንም ታልፋለች። ስትወርድ ደግሞ ሞተሯ ተገልብጦ ባትሪውን ይሞላል። ለዳገት ከከፈልሽው ጥሩ ድርሻውን ቁልቁለት ይመልስልሻል። ይኼን በቤንዚን ብቻ የምትሄድ የትኛዋም መኪና አታደርገውም። በወር 1,100 ኪሎ ሜትርሽን 160 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። በቤትሽ የመብራት ታሪፍ አባዢውና ከ100 ሊትር ቤንዚን ጋር አስተያዪው፣ ልጁ ለምን እንደሚንቃችሁ ይገባሻል።

ግን ልጁ ያልነገራችሁም አለ። በወረቀት ትሄዳለች የሚባለው 305 ወይም 405 ኪሎ ሜትር የቻይናዎች ፈተና ነው፣ ከእሱ ላይ ሩቡን ቀንሺ። የሱሉልታ ውርጭ ሌሊትም ባትሪ አይወድም። ቤትሽ ተከራይ ሆነሽ ቆጣሪውን ከሌላ አባወራ ጋር የምትጋሪ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስትሞዪ ነገር ይመጣል። መብራት የሚሄድበትን ቀን አንቺው ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የራሳችሁ ቤት፣ የራሳችሁ ቆጣሪ፣ ግቢ ውስጥ ማቆሚያ ካላችሁ ግን 900 ሺውን ቪትዝ ላይ ከማዋል ጨምራችሁ ጠብቃችሁ ወደዚያ ብትሄዱ ይሻላል ባይ ነኝ። ይኼ የእኔ አስተያየት ነው። ባለቤትሽ ቢናደድብኝ አልፈርድበትም።

እስከዚያው ዲኤክስን ያዣት፣ አስተካክያት። የአባትሽ መሆኗን በሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም። እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።

አንድ የረሳሁት አለ። ቾኩ፣ ሞተሩ በብርድ እንዲነሳ ነዳጁን የሚያበዛው የሚሳብ እጀታ። በሱሉልታ ብርድ ጠዋት ቾክ ሳትስቢ እንደማትነሳ አውቃለሁ። ግን ስንት ሰዓት ትመልሺዋለሽ? ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ካልተመለሰ ካርቡሬተሯ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ነዳጅ እያፈሰሰች ትሄዳለች። ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ ግማሽ ድረስ ተስቦ ሲሄድ ቆይቶ የነቃሁት ሚስቴ ቦርሳዋን ልታንጠለጥልበት ስትል ነው። መጀመሪያ እሱን እዪ፣ ነጻ ነው። ከዚያ ሦስተኛውን ፉል ስታደርጊ ቁጥሩን ጻፊልኝ። እኔ 11 ላይ እወራረዳለሁ።